ግማሽ ዓረፍተ ነገር ለሰሙት ሊቀ መንበር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዋረን ፔልቲየር
የሬድዉድ ፍላት ትምህርት ዲስትሪክት ቦርድ የቀድሞ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተጠራቀመ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሁለተኛ ረቡዕ ሲሰበስቡን የኖሩ ሰው በድንገት እቤት ሲውሉ ሰውነት ይደነግጣል ይባላልና፣ እግዚአብሔር እንቅልፍዎን የጣመ፣ ምግብዎን የተስማማ፣ ረቡዕዎን ደግሞ ቶሎ የሚያልፍ ያድርግልዎ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቤተሰቤም ደህና ነው፤ በተለይ ከኅዳር ወዲህ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ እንዳይገርምዎ። ለምርጫው በየቤታችን የላኩልን ወረቀት በአማርኛ ስለነበረ ቋንቋውን አጥርተው ያውቁታል ብዬ ነው። ምናልባት አንዳንድ ቃል ቢያስቸግርዎ፣ ያን ወረቀት የተረጎመልዎን ማሽን ይጠይቁት፤ ሁለታችሁ እንደምትግባቡ ከጽሑፉ ተረድተናል።

ስሜ እምሩ ገብረ ሥላሴ ይባላል። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥቼ የቀረሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በውሃ መሐንዲስነት ያገለገልኩ ጡረተኛ ስሆን፣ ከልጄ ቤተሰብ ጋር ከታንኦክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት እኖራለሁ። አራት ጊዜ ሲመረጡ አራቱንም ጊዜ ድምፄን የሰጠሁዎ ሰው መሆኔንም አልደብቅም። እንዲያውም በሁለቱ ምርጫዎች በየጎረቤቱ እየዞርኩ ስለ እርስዎ መልካምነት ዋስ ሆኛለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ምስጋና ግማሹ የእኔም ድርሻ ነው።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት መጋቢት ወር ስለቸሩን አንድ ደቂቃ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ በዚያ ስብሰባ ቦርዱ ሊወስን የተዘጋጀው ታንኦክን በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ዘግቶ መቶ ዘጠና ልጆቹን ከትልቁ አውራ ጎዳና ከፍሪዌዩ ማዶ ወዳለው ትልቅ ትምህርት ቤት ለማዛወር ነበር። ልጆቹ እዚያ ለመድረስ የጭነት መኪና ሲመላለስበት በሚውል ድልድይ ሥር ማለፍ አለባቸው። ለመናገር የተመዘገብነው አርባ ያህል ስለነበርን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ደቂቃ ፈቀዱልን። እኔ ተራዬ ደርሶ ማይክሮፎኑ ፊት ስቆም፣ ባደግሁበት ሥርዓት መሠረት መጀመሪያ ለእርስዎ፣ ቀጥሎ ለስድስቱ የቦርድ አባላት በየስማቸው፣ ከዚያም ለጸሐፊዋ ሰላምታ አቀረብኩ። የሁላችሁንም ጤና ጠይቄ «አሁን ወደ ጉዳዬ ስገባ» እንዳልኩ ደወሉ ጮኸ። በዚህ ማንንም አልወቅስም።

ከእኔ ቀጥላ የቆመችው ጎረቤታችን ኢክራም ነበረች። ኢክራም በዲቪ የመጣች እናት ናት፤ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። በዚያን ቀንም የሥራ ልብሷን ሳትቀይር በአውቶቡስ ነበር የደረሰችው። እንግሊዝኛ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ስታወራበት ትውላለች። ስለ ልጇ ግን በምታልምበት ቋንቋ መናገር ፈለገች። ዲስትሪክቱም ይህን አስቦ አስተርጓሚ በስልክ አዘጋጅቶ ነበር፤ ችግሩ፣ መስመሩ ላይ የተገኙት ሰው የሶማሌኛ አስተርጓሚ መሆናቸው ነው። እሳቸውም በትሕትና ይቅርታ ጠይቀው ስልኩን ዘጉ። በዚህ ጊዜ የልጄ ልጅ ሊያ፣ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት ከአጠገቤ ተነስታ ሄዳ ከኢክራም ጎን ቆመች። ሊያ አማርኛ ስትሰማ ጎበዝ ናት፤ መልስ የምትሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ለእኔም ቢሆን።

ኢክራም አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፣ ሊያ ትተረጉማለች፤ ሰዓቱ ግን ለሁለቱም በአንድነት ይቆጥራል። ስሟንና ሥራዋን ተናግራ ስትጨርስ ሰላሳ ሰከንድ ሄዷል። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ልጄ ረምላ ታንኦክ ከገባች ጀምሮ ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም።» ሊያ ይህን ተረጎመች። ኢክራም ቀጠለች፦ «አንደበቷ የተፈታው…» ሊያ አፏን ከፈተች፤ ቆመች፤ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ደወሉ ጮኸ። እርስዎም «እናመሰግናለን፣ ጊዜዎ አልቋል» አሉ፤ ለዚህ ጨዋነትዎ ነው የማመሰግንዎ።

ሁለተኛ። ከዚያች ደቂቃ ውስጥ የሰሙትን ሳያባክኑ ወዲያውኑ ሥራ ላይ ስላዋሉት አመሰግናለሁ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ባደረጉት ንግግር፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ዛሬ አንዲት ደፋር እናት ልጇ በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ዓመት ከስምንት ወር ያለ አንድ ቃል እንደተቀመጠች ነግራናለች። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?»

ኢክራም እንግሊዝኛውን በደንብ ስለሰማችው ለእሷ መተርጎም አላስፈለገም። ከወንበሯ ተነስታ እጇን አወጣች፤ የሕዝብ አስተያየት መስጫው ጊዜ አልፏል ተባለች። እጇን እንዳነሳች ቆማ ሳለ አራት ለሦስት ተወሰነ። አንዱ አባል ስለ እሷ ምስክርነት ሲል ሐሳቡን እንደለወጠ ተናገረ። ሴትየዋ ልጇን ለማዳን ብላ የተናገረችው ቃል ነው የልጇን ትምህርት ቤት የዘጋው።

ክቡር ሆይ፣ የቀረውን ግማሽ እነሆ አቀርብልዎታለሁ። እኔ ጊዜ አለኝ፤ አሁን እርስዎም አለዎት።

በታንኦክ ጓሮ የአትክልት ቦታ አለ፤ አራት ዶሮዎችም ይኖሩበታል። ረምላ ለሰው የማትናገር ልጅ ስለሆነች መምህሯ ዶሮዎቹን የመመገብ ሥራ ሰጠቻት። ልጅቷም በየቀኑ ጥሬውን በትና፣ ዶሮዎቹን ትንሽ አይታ፣ ዝም ብላ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። አንድ ቀን ታዲያ የዶሮ ቤቱ በር ሳይዘጋ ቀርቶ ቀይዋ ዶሮ ወደ መንገዱ ሮጠች። ያን ጊዜ ረምላ በክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ፊት «ዶሮዋ! ዶሮዋ አመለጠች!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። ከሃያ አራቱ ልጆች ቃሉን የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ግን ተከትለዋት ሮጡ። ዶሮዋ የተያዘችው የእኔ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ ያየሁት ነው። ረምላ ዶሮዋን ታቅፋ ደረጃዬ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ከበቧትና «ዶራ፣ ዶሮዎ» እያሉ ቃሉን ለማለት ሲሞክሩ፣ እሷ እንደ መምህርት አንድ በአንድ ታርማቸው ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም። እናቷ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ለአፍታ ዝም ብትልላት እንደማትጠላ ነግራኛለች።

ኢክራም ልትነግራችሁ የመጣችው ይህን ነበር። ከፍሪዌዩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ግቢው በሙሉ አስፋልት ነው፤ ስድስት መቶ ልጅም አለበት።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ሊያ መኪናው ውስጥ አለቀሰች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «አንደበት ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አንገት መሰለኝ። የልጅቷ አንገት ተፈታ ብዬ ብተረጉም ሰው ይስቅባታል ብዬ ፈራሁ።» ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ሰላምታ ትቼ ደቂቃዬን ለኢክራም ብለቅላት ኖሮ እያልኩ ስለነበር ድምፄ ብዙም የሚያሳምን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ሊያ አማርኛ ስንናገር እንኳ መስማት ትታ ከክፍል ትወጣ ነበር። ይህን የጻፍኩት እንዲያዝኑ አይደለም፤ መዝገቡ የተሟላ እንዲሆን ነው።

ሦስተኛ። ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። መሐንዲስ ነበርኩና አንድ ነገር ሲበላሽ መመሪያውን ፈልጎ የማንበብ ልማድ አለኝ። በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ከሌላው እጥፍ ጊዜ እንዲሰጠው የስቴቱ ሕግ እንደሚያዝ አነበብኩ። ይህም ማለት ኢክራም ሁለት ደቂቃ ይገባት ነበር ማለት ነው። ይህንኑ ገልጬ፣ አንቀጹን ጠቅሼ፣ ሦስት ደብዳቤ ለቢሮዎ ጻፍኩ። ለሦስተኛው መልስ ደረሰኝ። መልሱም በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ስላሳየሁት ፍላጎት የሚያመሰግን ሲሆን፣ የትኛውን የስፖርት ቡድን ማሠልጠን እንደምመርጥ የሚጠይቅ ቅጽ ተያይዞበታል። የጉልበቴን ሁኔታ ከላይ ገልጫለሁ።

አራተኛ፣ ይህኛው ከሁሉ የበለጠው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ለትምህርት ቦርድ ድምፅ እንዲሰጡ ሐሳቡን ያመነጩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ከተማሪዎች ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ በቢሮው ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሐሳቡን በጽኑ ተቃውሜ ነበር። «ልጅ ምን ያውቃል» እያልኩ በየቡና ቤቱ ተከራክሬአለሁ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥቼ ንጉሠ ነገሥቱን እንዴት መግዛት እንዳለባቸው የመከርኩ ሰው መሆኔን ረስቼ። ትክክል የነበሩት እርስዎ ነዎት። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሊያ በግንቦት ወር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ያ ሕግ ያለውን እጥፍ ጊዜ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስለዚህ እኔ ቀርፋፋ ስለሆንኩ አይደለም» አለች። አይደለም አልኳት። ቀጥላ በቦርዱ ውስጥ ድምፅ ስለሚሰጡት ሰዎች፣ እነሱን ስለሚመርጧቸው ሰዎች፣ ስለ ምርጫው ቀንም ጠየቀችኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በምሳ ሰዓት የካፌቴሪያው ሰልፍ አጠገብ ጠረጴዛ አውጥታ እኩዮቿን ማስመዝገብ ጀመረች። ስለ እርስዎ ክፉ ቃል እንዳትናገር አስጠንቅቄያት ነበር፤ አልተናገረችም። የምትነግራቸው የዶሮዋን ታሪክ ብቻ ነው። እስከ ጥቅምት አራት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ ተመዘገበ። እሷ ራሷ አሥራ ስድስት የሞላት ለምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ወደ በራሪ ወረቀትዎ ልመለስ። ቁጥሩን ስቼዋለሁ መሰለኝ፣ አምስተኛ ይሁን። በመስከረም የደረሰን ወረቀት ላይ፣ ከፈገግታዎ ሥር፣ እንዲህ ይላል፦ «ውድ መራጭ! እኔ ለትምህርት ቤት ሳንቃ እየሮጥኩ ነው። በሳንቃው ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ለአንተ እኔ ሁሉም ጆሮ ነኝ።» ይህ ወረቀት በማኅበረሰባችን ውስጥ የፈጠረውን ደስታ ልገልጽልዎ አልችልም። ሳን ሆዜ ያሉ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ፎቶውን ላኩልን እያሉ ይደውሉ ነበር። የሰማንያ አራት ዓመቷ ወይዘሮ ያለምዘውድ «አንተ» መባላቸውን ይቅር ብለው፣ በዚህ ዕድሜዎ ከሮጡ ሊበረታቱ ይገባል፣ ነገር ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሳንቃ ላይ መቀመጥ ለወገብ አይበጅም፤ አንድ ሰው ትራስ ይውሰድላቸው ብለው አሳስበዋል።

ስድስተኛ። በጥቅምት ወር ወደ መሰብሰቢያ አዳራሻችን በእግርዎ ስለመጡልን እናመሰግናለን። የቀረበልዎን ሁሉ ቀመሱ፤ እጅዎን ሲታጠቡ እንኳ ትሑት ነበሩ። ከዚያም ቆመው የታንኦክ ውሳኔ ልብዎን እንደሰበረው፣ ያጽናናዎትም ከመካከላችን የወጣች የአንዲት ደፋር እናት ቃል እንደሆነ ነገሩን። ያቺ እናት እኮ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። መልኳን አላወቁትም።

ኢክራም ተነሳች። ሊያም ልትተረጉምላት ብድግ አለች፤ ኢክራም ግን በእጇ ምልክት አድርጋ አስቀመጠቻት። በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብላ፣ ለሽማግሌዎቿ መድኃኒት ስትሰጥ እንደምትናገረው አድርጋ እንዲህ አለችዎ፦ «ያቺ እናት እኔ ነኝ። እርስዎ የሰሙት ግማሹን ነው። ሁለተኛውን ግማሽ አሁን ልንገርዎ?»

እርስዎ ሰዓትዎን አዩ። ኩፐርቲኖ ውስጥ የእራት ግብዣ እንዳለብዎ፣ መንገዱም እንደሚጨናነቅ ገልጸው፣ በኢሜይል እንድትጽፍልዎ በፍቅር ጋበዟት። በሩ ከኋላዎ ተዘጋ። ከዚያ ወይዘሮ ያለምዘውድ «ይሩጥ እንጂ» አሉ።

እኔ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ንዴት አልነበረም፤ ኃፍረት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ቢያንስ ሃያዎቹ እርስዎን የመረጡት በእኔ ቃል ነው። በማግሥቱ ጀምሬ በዚያ ጉልበቴ የየቤታቸውን ደረጃ ወጣሁ፤ የሰጠሁትን ዋስትና መልሼ እንደወሰድኩ ለእያንዳንዳቸው ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ። አንድ ወዳጄ፣ ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጣ ሰው፣ ይህን ለማወቅ አሥራ ስድስት ዓመት የፈጀብህ ለምንድን ነው አለኝ። ወደሚቀጥለው ቤት ደረጃ ሄድኩ።

የኅዳሩን ውጤት ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ በስልሳ አንድ ድምፅ ብልጫ ወንበሩ ወደ ወይዘሮ ዶሎረስ ፓቼኮ ዞሯል። እኚህ ሴት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ነርስ ናቸው። ንግግር አይችሉም፤ ወረቀታቸውም በአማርኛ አልተተረጎመም። አዳራሻችን መጥተው ኢክራም አጠገብ ተቀምጠው የዶሮዋን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካዳመጡ በኋላ፣ ዶሮዋ አሁን ትኖር እንደሆነ ነው የጠየቁት። ትኖራለች።

በያዝነው ጥር ወር አዲሱ ቦርድ የመዝጊያውን ውሳኔ እንደገና አየው። ስላልተገኙ እንዴት እንደነበር ልንገርዎ። ኢክራም ሁለት ደቂቃ ተሰጣት። ከዲስትሪክቱ የአማርኛ አስተርጓሚ ቀርቦ ነበር፤ እሷ ግን ሊያን ጠራች። ሊያ ከወንበሯ ተነስታ ከኢክራም ጎን ቆመች። «አንደበቷ የተፈታው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሳትቆም አለፈችው፤ ምን ብላ እንደተረጎመችው አልሰማሁም፤ በዚያች ቅጽበት የራሴን አፍንጫ እያበስኩ ነበር። ረምላ ከእናቷ ጎን ቆማ ጫማዋን ስታይ ቆየች እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም። የሕዝብ ስብሰባ አትወድም፤ በዚህ ከብዙዎቻችን ትሻላለች። አራት ለሦስት የመዝጊያው ውሳኔ ተሻረ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣራ አሁንም ያፈሳል፤ ሁለት ክፍሎችም ሊጣመሩ ነው፤ ልጆቹ ግን ድልድዩ ሥር አያልፉም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሊያ መኪናው ውስጥ «አባባ፣ ራበኝ» አለችኝ። በአማርኛ። እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ነዳሁ፤ ነገር ካጋነንኩባት መልሳ እንዳትተወው ፈርቼ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያለዎትን የዕረፍት ጊዜ በሰላም፣ በጤናና በምቹ ወንበር ያሳልፉት ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለዚህ ሁሉ ያበቁንን ትዕግሥትዎን፣ ጨዋነትዎንና በተለይም የመስማት ችሎታዎን በማድነቅ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የዘወትር አክባሪዎና የአራት ጊዜ መራጭዎ፣
እምሩ ገብረ ሥላሴ

ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ፤ ለማይመለከታቸውም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሊያ የተወለደችው እርስዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመረጡ ሦስት ሳምንት ሲቀርዎ ነው። ስለዚህ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥረኛ ክፍል አንድም ቀን ከእርስዎ አመራር ውጭ ተምራ አታውቅም፤ ማንበብን፣ መደመርንና መቀነስን ያወቀችው በእርስዎ ዘመን ነው። ከእንግዲህ ማንም ሰው ተነስቶ ይህ ቦርድ ልጆቻችንን በአግባቡ አላስተማረም ብሎ ቢከስዎ፣ እባክዎ ይጥሩኝ፤ በየትኛውም ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክርልዎታለሁ።